መዝጊያው ከእጅ አይራቅ

ድሬ ላይ የፎቅ መስታወት የማጥበው ውሃ በሚያደርስ ረጅም ዘንግ ነው። የውሃ መዝጊያውን ጎማው ላይ፣ ከዘንጉ እግር አጠገብ አስገባዋለሁ። ጫፉ ላይ ቢሆን ለመዝጋት ዘንጉን ማውረድ ሊኖርብኝ ነው፤ ክብደቱም ክንድ ያዝላል።

ምርጫዬ በሩብ ዙር የሚዘጋው ቦል ቫልቭ ነው። እጀታው ከጎማው ጋር ሲተኛ ክፍት፣ ሲያቋርጠው ዝግ። በቃ። ብዙ ዙር የሚፈልገውን ጌት ቫልቭማ በሳሙና እጅ ማን ያሽከረክረዋል? ናሱ ከበድ ይላል ግን ይቆያል። ፕላስቲኩን የከዚራ ሰፈር ፀሐይ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል።

የድሬ ውሃ ጨዋማነቱን ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያዬ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለውን ብሩሽ የውሃ ቀዳዳም ይደፍናል። ስለዚህ ተፈትቶ ኮምጣጤ ውስጥ የሚዘፈዘፍ ጫፍ ግዙ። ፋሼታም (ጎማውን መጋጠሚያው ላይ የሚያጠብቀውን ቀለበት) አትርሱ፤ ፓምፑ እየሠራ ውሃው ሲዘጋ ግፊቱ ጎማውን ነቅሎ ያስፈነጥረዋል።