የሌለ ነፋስ ያሳየኝ አውሮፕላን፦ የሦስት ሳምንት ፍለጋ

ትናንት ጠዋት በረርኩ። የስክሪኑ የነፋስ ቀስት 4 ኖት (በበረራ የምንጠቀምበት የፍጥነት መለኪያ) አለኝ፤ ሜዳው ላይ የተሰቀለው የነፋስ ከረጢትም እንደዚያው ነበር። ለሌላ ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። እኔ ግን ለዚህች ቁጥር ሦስት ሳምንት ለፍቻለሁ።

ስለ አውሮፕላኗ ብዙ አልልም። ባለ ሁለት መቀመጫ ናት፣ አካሏ አልሙኒየም፣ በትርፍ ጊዜዬ በገዛ እጄ የገጣጠምኳት። ሞተሩም ነዳጁም ሬዲዮውም የየራሳቸው ጣጣ ነበራቸው፤ ሁሉም አለፈ። ያስቸገረኝ ማግኔቶሜትሩ ነው። ወደ ክንፉ ጫፍ የተቀመጠ ትንሽ ሳጥን ሲሆን የምድርን መግነጢሳዊ መስክ እየለካ አፍንጫዋ ወዴት እንደዞረ ለስክሪኑ ይነግራል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ቅጠል እንኳ ሳይነቃነቅ፣ ወደ ምሥራቅ እየበረርኩ ስክሪኑ ከጎን 26 ኖት ነፋስ አለ አለኝ። መሣሪያው ነፋስን በቀጥታ አይለካም። ከአየር ፍጥነት፣ ከአፍንጫ አቅጣጫና ከጂፒኤስ አስልቶ ነው የሚያወጣው። በ100 ኖት እየበረራችሁ አቅጣጫው 15 ዲግሪ ከተሳሳተ፣ የሌለ የ26 ኖት የጎን ነፋስ ይታያችኋል። ስለዚህ ያንን ቀስት ችላ አትበሉት። እኔን ከሁሉ ቀድሞ ያስጠነቀቀኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን መንገድ ሳትኩ። ችግሩ በብርዳማ ጠዋት ይመጣል፣ ሞቅ ባለ ቀን የለም። በቃ፣ ብርዱ ማገናኛውን እያኮማተረው ነው ብዬ ደመደምኩ። ማገናኛውን ፈትቼ እንደገና በየድኩ። ገመዱን ቀየርኩ። ከጓደኛዬ ሌላ ማግኔቶሜትር ተውሼ ገጠምኩ። ካሊብሬሽኑን፣ ማለትም የመሣሪያውን ንባብ ማስተካከያ፣ አራት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ከአራቱ በአንዱ ደግሞ ብርዳማው ጠዋት ተስተካክሎ ሞቃቱ ቀን ተበላሸ። ያኔ መንቃት ነበረብኝ፣ አልነቃሁም። ዕቃ እየቀያየሩ ችግር መፈለግን አሁን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ ገንዘብም ጊዜም ይበላል፣ ከሁሉ በላይ ግን ያወቅን እንዲመስለን ያደርጋል።

መፍትሔው የመጣው ከማስታወሻ ደብተሬ ነው። በየበረራው የትኛው ማብሪያ በርቶ እንደነበር እጽፋለሁ። ገጾቹን ጎን ለጎን ሳያቸው፣ ችግር በነበረበት ቀን ሁሉ የፒቶት ቱቦው (የአየር ፍጥነት የሚለካበት ቱቦ) ማሞቂያ በርቷል። ሲበርድ የማበራው እኔው ነኛ!

ከዚያ ተራ የእጅ ኮምፓስ አወጣሁ። ማግኔቶሜትሩን ፈትቼ ኮምፓሱን በቦታው አስቀመጥኩ። ጓደኛዬ ኮክፒት ውስጥ ሆኖ ማብሪያዎቹን አንድ በአንድ ያበራልኛል። የአቅጣጫ መብራት፣ ምንም። ሬዲዮ፣ ምንም። ማሞቂያ፣ እሱም ምንም! ተስፋ ልቆርጥ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ሃንጋር ውስጥ አፍንጫዋ ወደ ሰሜን ነው። ገፍተን አወጣናትና ወደ ምሥራቅ አዞርናት። ማሞቂያው ሲበራ መርፌው ተንቀጥቅጦ ወደ ጎን ሄደና እዚያው ቆመ። ሲጠፋ ተመለሰ። አሥር ጊዜ ሳናስደግመው አልቀረንም፣ ቱቦው እጅ የሚያቃጥል ስለሆነ በየመሀሉ እያቀዘቀዝን።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማሞቂያው ወደ 10 አምፔር ይስባል። ሽቦው ከማግኔቶሜትሩ 20 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ በክንፉ ርዝመት ያልፋል። 10 አምፔር በ20 ሴንቲሜትር ርቀት 10 ማይክሮቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ያህል መስክ ይፈጥራል፤ የምድር መስክ ራሱ ከ25 እስከ 65 ማይክሮቴስላ ነው። ያ መስክ የሚገፋው ወደ አፍንጫና ጅራት ስለሆነ ወደ ሰሜን ወይም ደቡብ ስትዞር ከምድር መስክ ጋር አንድ መስመር ላይ ይውላል፣ መርፌውንም አያዞረውም። ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ስትዞር ግን ይጎትተዋል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሽቦ ለመቆጠብ ብዬ የማሞቂያውን ኔጋቲቭ እዚያው ክንፉ ላይ አሰርኩት፣ መመለሻው በአውሮፕላኗ አካል ሆነ። መሄጃውና መመለሻው አብረው ቢገመዱ መስካቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋ ነበር።

አሁን ሁለቱን ገምጄ እስከ ዋናው ኔጋቲቭ ድረስ ወስጃቸዋለሁ። የማግኔቶሜትሩን የብረት ብሎኖችም በናስ ቀየርኩ። ካሊብሬሽን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ መድኃኒት አድርጋችሁ አትጠቀሙበት፣ በሽታውን ይደብቃል። በየ30 ዲግሪው እያዞርኩ ስፈትሽ ከ2 ዲግሪ የበለጠ ስህተት አላገኘሁም።

አንድ የማልደብቀው ነገር አለ። ችግሩ እያለ ስድስት ጊዜ በርሬያለሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ምድሩን እያየሁ ነው የሄድኩት፤ ቢሆንም ልክ አልነበረም። የሌላኛው ክንፍ የማረፊያ መብራትም ኔጋቲቩ እስካሁን በአካሏ በኩል ነው። ሩቅ ነው እያልኩ ትቼዋለሁ፣ ግን መስተካከል አለበት። ቅዳሜ ደግሞ ፊት መስታወቱ ላይ ያለውን ኮምፓስ ላስተካክል የናስ ካቻቢቴ አዘጋጅቻለሁ። ከሥሩ ያለው፣ የኮምፓሱ ስህተት የሚጻፍበት የማረሚያ ካርድ ገና ባዶ ነው።