ቀይ ማኅተም ያለበት ዳቦ

ዛሬ ቼንግ ቻው ዋልኩ፤ አመሸሁም። ከሆንግ ኮንግ መሃል ከተማ በጀልባ የሚኬድባት ትንሽ ደሴት ናት። በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር 4ኛው ወር በገባ በ8ኛው ቀን ትልቁ በዓላቸው ነው። ድሮ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው ሲያልቅ፣ ፓክ ታይ የሚሉትን አምላካቸውን ለምነው እንደዳኑ ይተርካሉ።

በጣም የገረመኝ ጾሙ ነው። ሦስት ቀን ሥጋ የለም፣ ዓሣም የለም። የዓሣ አጥማጆች ደሴት እኮ ናት! አትክልት ብቻ ሲቀርብልኝ የእማዬ የሁዳዴ ሽሮ ትዝ አለኝ። ሆዴ ባባ።

ከሰዓት ያጌጡ ሕፃናት ከሰው ራስ በላይ በአየር ላይ የሚንሳፈፉ መስለው በሰልፍ አለፉ። አንዷ አጠገቤ ስትደርስ ቀሚሷን ነፋስ ገለጥ አደረገው። የተቀመጠችበትን ብረት ያየሁት ያኔ ነው። ፊቷ ላይ ግን ፍርሃት የሚባል የለም።

ቤተ መቅደሱ አጠገብ በዳቦ የተሸፈኑ ማማዎች ቆመዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. አንዱ ወድቆ ሰዎች ስለተጎዱ፣ ማማው ላይ እየወጡ ዳቦ የመልቀም ውድድሩ ቀርቶ ነበር፤ በ2005 ተመለሰ። አሁን ተወዳዳሪዎቹ በገመድ ታስረው ነው የሚወጡት።

ማታ ከወረቀት የተሠራውን ግዙፍ የመናፍስት ንጉሥ በእሳት ሸኙት። ሕዝቡ ጸጥ አለ።

የገዛሁት ዳቦ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። በቀይ ማኅተም «ሰላምና ደኅንነት» ተብሎበታል። እስካሁን አልቆረስኩትም።