አይጦቹ የነበሩባት መስመር

ኮሞዶር 64 የተባለውን የድሮ የቤት ኮምፒውተር ያበራ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው ሰማያዊ ስክሪን፣ 38911 ባይት ነፃ ቦታ መኖሩን የሚናገር አንድ መስመር፣ ከዚያም «ሬዲ» የሚል ቃልና ከሥሩ ብልጭ ድርግም የሚል ከርሰር ነበር። የሚነካ ሥዕልም ሆነ የሚመረጥ ዝርዝር የለም። ማሽኑ ዝግጁ መሆኑን ተናግሮ ዝም ይላል፤ የሚቀጥለው ነገር የሚጠበቀው ከተቀመጠው ሰው ነው። ስለ ልጅነቴ ኮምፒውተር ሳስብ ከጨዋታዎቹ ሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ ዝምታ ነው።

የመጀመሪያውን የሲሙሌሽን ጨዋታዬን፣ ማለትም የአንድን ዓለም አሠራር በስሌት የሚያስመስል ጨዋታ፣ ያገኘሁት ከመጽሐፍ ላይ ቀድቼ በመጻፍ ነው። ስሙ ሐሙራቢ ይባላል። በዚያ ዘመን የጨዋታ ፕሮግራሞች በመጽሐፍና በመጽሔት ላይ ሙሉ በሙሉ ታትመው ይወጡ ስለነበር፣ መጫወት የፈለገ ሰው እያንዳንዱን መስመር በኪቦርድ መልሶ መጻፍ ነበረበት። ታላቅ ወንድሜ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያነብልኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። «ቅንፍ ክፈት፣ አንድ፣ ቅንፍ ዝጋ» ሲል ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር፤ ምክንያቱም አንዲት ቅንፍ ስትጎድል ምን እንደሚመጣ ሁለታችንም በሚገባ እናውቃለን። ጽፈን ስንጨርስ «ራን» ብለን እናዝዘዋለን፣ ማሽኑም «ሲንታክስ ኤረር» ብሎ ስህተቱ ያለበትን የመስመር ቁጥር ይነግረናል። ያንን መስመር አውጥተን ከመጽሐፉ ጋር ፊደል በፊደል እናስተያያለን፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዜሮን በኦ ፊደል መተካቴ ነበር። በመጨረሻ ሲሠራልን በካሴት ላይ ቀዳነው፤ ቴፑም ቀድቶ እስኪጨርስ ድረስ ማናችንም ጠረጴዛውን አልነካንም።

ሐሙራቢ ከማሽናችን በዕድሜ የሚበልጥ ጨዋታ ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መነሻው ሜብል አዲስ የተባለች አሜሪካዊት መምህርት በ1964 ለተማሪዎች ያዘጋጀችው የሱመር ጨዋታ ሲሆን፣ ዳግ ዳይመንት በ1968 አሳጥሮ እንደገና ጻፈው፤ ዴቪድ አል ደግሞ ቤዚክ ወደተባለው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መልሶት በ1973 ባሳተመው የጨዋታዎች ስብስብ ውስጥ አወጣው። ተጫዋቹ አንዲት ጥንታዊ ከተማን ለ10 ዓመት ይገዛል። ሲጀምር 100 ሰዎች፣ 1000 ኤከር መሬትና 2800 ቡሼል (ቡሼል የእህል መስፈሪያ ነው) እህል አለው። አንድ ሰው በዓመት 20 ቡሼል ይበላል፣ 10 ኤከር ያርሳል፤ አንድ ኤከር ለመዝራት ግማሽ ቡሼል ያስፈልጋል። የመሬት ዋጋ በየዓመቱ ከ17 እስከ 26 ቡሼል ይዋዥቃል፣ አንዳንድ ጊዜ ቸነፈር ገብቶ የሕዝቡን ግማሽ ይፈጃል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሕዝቡ 45 በመቶ የሚበልጠው በረሃብ ካለቀ ደግሞ ንጉሡ ከዙፋኑ ይወርዳል። ሥዕል የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ በየዓመቱ አጭር ዘገባ አቅርቦ ጥያቄ ይጠይቃል እንጂ። እኛ ግን ጎተራውንም፣ ማሳውንም፣ የተራቡትን ሰዎችም እናያቸው ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ያስጨንቁን የነበሩት አይጦቹ ናቸው። አንዳንድ ዓመት ከጎተራችን ግማሹን ይበሉታል፣ አንዳንድ ዓመት ሩቡን፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ጨርሶ አይመጡም። ወንድሜ አይጦች የሚመጡት እህል ሲከማች ነው ብሎ ስላመነ፣ ጎተራው እንዳይሞላ በየዓመቱ የተረፈንን እህል መሬት እንገዛበት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት መሬቱን የሚያርስ ሰው ይጠፋል፣ የሚበላው ሕዝብ ደግሞ ይራባል። ለሳምንታት እንዲህ ስንገዛ ከቆየን በኋላ አንድ ቀን መልሱ በእጃችን እንዳለ ገባኝ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ሊስት» ብዬ ብጠይቀው አይጦቹ የሚኖሩባትን መስመር ማሽኑ ራሱ ያሳየኛል።

አሳየኝ። ፕሮግራሙ ከ1 እስከ 5 ካሉት ቁጥሮች አንዱን በዕጣ ያወጣል። ዕጣው ጎዶሎ ቁጥር ከሆነ አይጦቹ የሉም፤ 2 ከሆነ የእህሉ ግማሽ፣ 4 ከሆነ ሩቡ ይበላል። ጎተራው ሞላ፣ ጎደለ፣ አይጦቹ አይጠይቁም። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ነገር እስከ ዛሬ በትክክል ልገልጸው አልችልም፤ ሲያስጨንቀኝ የከረመው ዓለም በአንድ ጊዜ የሚነበብ ነገር ሆነ። ወዲያውኑ ያንኑ የመስመር ቁጥር መልሼ ጻፍኩና አይጦቹ የሚመጡት እህሉ ከ3000 ቡሼል ሲያልፍ ብቻ እንዲሆን አደረግኩ። ሪተርን ስጫን አዲሷ መስመር የቀድሞዋን ተካች፣ የወንድሜም እምነት የከተማይቱ ሕግ ሆነ። እሱም ደስ አለው።

የቀደሙት የሲሙሌሽን ጨዋታዎች ዋና ሀብት፣ በእኔ አስተያየት፣ ሕጋቸው በአንድ ሰው አእምሮ ውስጥ ሊያዝ መቻሉ ነው። ይህም የሆነው በሜሞሪ እጥረት ምክንያት ነበር። በ1984 ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል ኢሊት የተባለውን የጠፈር ንግድ ጨዋታ 32 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ ለነበረው ቢቢሲ ማይክሮ ለተባለ ኮምፒውተር ሲሠሩ፣ እያንዳንዳቸው 256 ፕላኔቶች ያሏቸውን 8 ጋላክሲዎች የሚያስቀምጡበት ቦታ አልነበራቸውም። ስለዚህ ፕላኔቶቹን መዝግበው ከማኖር ይልቅ ከጥቂት ባይቶች ተነስቶ በየጊዜው ያንኑ ውጤት የሚሰጥ ስሌት ጻፉ፤ የፕላኔቱ ስም፣ መንግሥቱና የገበያው ዓይነት የሚገኙት ከዚያ ስሌት ነው። የቦታ ጥበት ሠሪውን ስለ ዓለም ያለውን ሐሳብ ወደ ጥቂት ደንቦች እንዲጨምቅ አስገደደው። ዛሬ ያ ግዴታ የለም፤ ጨዋታዎቹ አምረዋል፣ ሰፍተዋል፣ ሆኖም ከውስጣቸው ያለውን ደንብ ለማየት ስሞክር የምይዘው ጫፍ አጣለሁ።

ከተማ የሚገነባበትና የሚተዳደርበት ሲምሲቲ የተባለ ጨዋታ በ1989 ሲወጣ እኛም ወደ ፒሲ ተሸጋግረን ነበር፤ ኮዱም «ሊስት» ተብሎ የሚታይ አልነበረም። የጨዋታው ፈጣሪ ዊል ራይት ሐሳቡን ያገኘው በ1984 የሄሊኮፕተር ውጊያ ጨዋታ ሲሠራ ነው፤ የሚደበደቡትን ደሴቶች የሚነድፍበት መሣሪያ ከውጊያው ይልቅ አስደሰተው፣ ከዚያም ጄይ ፎሬስተር የተባለ ተመራማሪ ከተማን በእኩልታዎች ለመግለጽ በ1960ዎቹ የሠራውን ሥራ አነበበ። ወንድሜና እኔ 120 በ100 በሆነው ሜዳ ላይ 20,000 ዶላር ይዘን ተቀመጥን። 3,000ውን ለድንጋይ ከሰል ኃይል ማመንጫ እናወጣለን፣ የመብራት መስመር እንዘረጋለን፣ መኖሪያ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ብለን መሬቱን እንከፍላለን፣ ከዚያም ሰው እንዲመጣ እንጠብቃለን። የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ቤቶች ብቅ ሲሉ ወንድሜ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ይስብ ነበር።

ከተማችን ስታድግ መንገዶቹ ተጨናነቁ። መንገድ ብንጨምር መጨናነቁ አልቀነሰም፤ መንገዱን በሙሉ አፍርሰን በሁለት እጥፍ ዋጋ የባቡር ሐዲድ ስንተክልበት ግን መጨናነቁ ከነአካቴው ጠፋ። አንዲት መኪና የሌላት፣ ሁሉ ሰው በባቡር የሚሄድባት ከተማ ሆነች፤ አደገችም። ወንድሜ ባቡር ብዙ ሰው ስለሚጭን ነው አለ። እኔ እንደ አይጦቹ አንዲት መስመር የሆነ ቦታ እንዳለች ጠረጠርኩ፤ የማይበት መንገድ ግን አልነበረኝም።

ያቺን መስመር ያየኋት ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ ነው። በ2008 የሲምሲቲ ምንጭ ኮድ፣ ለሕፃናት ከተዘጋጀው የኤክስኦ ላፕቶፕ ጋር በተያያዘ፣ ማይክሮፖሊስ በሚል ስም በነፃ ፈቃድ ተለቀቀ። እኔ ያገኘሁት ዘግይቼ ነው፤ እንዳወረድኩትም በቀጥታ ወደ ትራፊኩ ፋይል ሄድኩ። በዚያች ከተማ ውስጥ ከቤቱ ወጥቶ ሥራው የሚደርስ ሰው የለም። እያንዳንዱ ሠፈር አልፎ አልፎ አንድ ሙከራ ይልካል፤ ሙከራው ከአጠገቡ ካለ መንገድ ይነሳና ቢበዛ 30 እርምጃ ይሄዳል፣ መስቀለኛ ሲደርስ በዕጣ ይታጠፋል፣ የመጣበትን አቅጣጫ ብቻ አይመለስበትም። የሚፈልገው ዓይነት ሠፈር አጠገብ ከደረሰ ጉዞው ተሳካ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ በተጓዘበት ጎዳና ላይ የትራፊኩ መጠን በ50 ይጨመራል። የሚጨመረው ግን የረገጠው ነገር የመኪና መንገድ ከሆነ ብቻ ነው። ሐዲድ ከሆነ ምንም ሳይጽፍ ያልፋል።

ባቡሩ ብዙ ሰው ስለጫነ አልነበረም። ሐዲዱን የሚቆጥር ስላልነበረ ነው።

ለወንድሜ ደወልኩለትና ያገኘሁትን ነገርኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ መስመሩን እንዳነብለት ጠየቀኝ። ቅንፎቹን ሳልዘል፣ እሱ ድሮ ለእኔ ያነብልኝ እንደነበረው ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩለት፤ ከስልኩ ወዲያም የኪቦርድ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።