ቦምቧን ተከትዬ፦ ከቶአፕላን ጋር ያሳለፍኳቸው አምስት ወራት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው «የድሮ ጌሞችን ታሪክ መማር ጀምሬያለሁ፤ የደረስኩበትን እጽፍላችኋለሁ» ብዬ ነበር። ይኸው አምስት ወር ሞላኝ። ቃሌን ልጠብቅ።

መነሻዬ ስኖው ብሮስ ነው። ልጅ እያለሁ ጎረቤታችን ቤት ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ ጌም ነበር። አንዱ ካርትሪጅ ብቻውን ብዙ ጌም የያዘ ዓይነት። ከእነዚያ መሃል ጭራቆችን በበረዶ ጠቅልለው የሚያንከባልሉ ሁለት ትናንሽ ልጆች ነበሩ። የማን ሥራ ነው ብሎ ያኔ ማን ይጠይቃል? ዘንድሮ ትዝ ብሎኝ ስፈልገው ቶአፕላን የሚባል የቶኪዮ ስቱዲዮ በ1990 ለአርኬድ (ጌም ቤት ውስጥ ሳንቲም እየተከተተበት ለሚጫወቱት ማሽን) ያወጣው ሆኖ አገኘሁት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሃምሳ ፎቅ አለው። እኛ ልጆቹ ሃያውንም ያለፍን አይመስለኝም።

የገረመኝ ግን ቀጥሎ ያየሁት ነው። ይህ ስቱዲዮ ስሙ የሚነሳው በበረዶ ልጆች አይደለም። በአውሮፕላን ተኩስ ጌሞች ነው። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን በወጡበት ዓመት ቅደም ተከተል ልጫወታቸው ወሰንኩ። ሳምንት ውስጥ ሁለት ማታ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት። አጠገቤ ደብተር። ሁሉንም ነገር ልመዝግብ ብል እንደማልዘልቀው ስለማውቅ አንድ ጥያቄ ብቻ ያዝኩ፤ እዚህ ጌም ላይ ቦምቡ እንዴት ነው የሚሠራው?

በመጀመሪያው ወር ታይገር ሄሊን ያዝኩ። በፊት ግን የሰዎቹን አመጣጥ ላስቀድም። ኦርካ የሚባል የጌም ኩባንያ ነበር፤ ከሰረ። ከሠራተኞቹ የተወሰኑት ክራክስ የሚባል ሌላ ኩባንያ ውስጥ ተሰባሰቡና ጋይሮዳይን የተባለ የሄሊኮፕተር ጌም ሠሩ። ክራክስም ብዙ አልቆየም። ቶአፕላን ውስጥ ጌም መሥራት የጀመሩት ከዚህ ሁሉ የተረፉት ናቸው፤ ጊዜው 1984 ነው። «ቶአ» በጃፓንኛ ምሥራቅ እስያ ማለት ነው። ከመካከላቸው ሁለት ስም ያዙልኝ፦ ማሳሂሮ ዩጌ እና ታትሱያ ኡኤሙራ። ደጋግመው ይመጣሉ።

ታይገር ሄሊ በ1985 ወጣ። ሠሪው ቶአፕላን ነው፣ ለገበያ ያቀረበው ታይቶ የሚባል ሌላ የጃፓን ጌም ድርጅት ነው። ብዙዎቹ የቶአፕላን ጌሞች በሌላ ድርጅት ስም ስለወጡ ሲጫወቷቸው ያደጉ ሰዎች ራሳቸው የሠሪውን ስም ላያውቁ ይችላሉ። ሄሊኮፕተሯ ዝግ ያለች ናት። ጥይቷም ሩቅ አይሄድም። ግን በግራና በቀኝ ጎኗ ሁለት ቦምብ ታቅፋለች፤ ዓይናችሁ ያያቸዋል። ሲወረወሩ በአካባቢው ያለውን ጠላትም የጠላት ጥይትም ይጠርጋሉ። ደስ ያለኝ ሌላ ነገር ነው። ጥይት መጥቶ ቦምቡን ራሱን ቢመታው እዚያው ይፈነዳል። እናንተ ሳትነኩት ያድናችኋል ማለት ነው። ደብተሬ ላይ «ቦምብ = ጋሻ» ብዬ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ወር የ1987 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ፍላይንግ ሻርክና ኪዩኪዮኩ ታይገር ወጡ። ሁለተኛው በውጭ አገር ትዊን ኮብራ ይባላል። «ኪዩኪዮኩ» ከሁሉ የላቀ እንደማለት ነው። አራት ዓይነት መሣሪያ በቀለም ተለይቶ ይመጣል፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ። የማትፈልጉት ቀለም ሲመጣ መሸሽ ራሱ ሥራ ነው። እኔ ቢጫውን በስህተት እየነካሁ ስንቴ ተበላሽቶብኛል!

እዚህ ላይ ቦምቡ ጎን ላይ ታቅፎ አይታይም። በቁጥር ነው የሚያዘው። ወደ ፊት ተወርውሮ እስኪፈነዳም ትንሽ ይቆያል። ያቺ ትንሽ ጊዜ ሁሉን ትለውጣለች። ጥይት ፊታችሁ ከደረሰ በኋላ ብትጫኑት አይደርስላችሁም። አስቀድማችሁ ማሰብ አለባችሁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቦምቡ ከጋሻነት ወደ ዕቅድ ተለወጠ። ይህን ከማንም አልሰማሁትም፤ ሁለቱን ጌሞች አከታትዬ ስጫወት ጣቴ ነው የነገረኝ። በዓመት ቅደም ተከተል የመጫወት ጥቅሙ እዚህ ላይ ገባኝ።

ሦስተኛው ወር ላይ ተያዝኩ። ትረክስተን ነው የያዘኝ። 1988። በጃፓን ስሙ ታትሱጂን ነው፤ የተካነ ባለሙያ ማለት። ዕቅዴ ሁለት ሳምንት ነበር፣ ሰባት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁንም አልለቀቅሁትም።

አምስት ምዕራፍ ብቻ ነው ያለው። ስትሞቱ ግን ከሞታችሁበት አትቀጥሉም። ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ፣ ያጠራቀማችሁት መሣሪያም ይሄዳል። ባዶ እጃችሁን ያንኑ ቦታ ማለፍ አለባችሁ። ቀዩ መሣሪያ ይበተናል፣ አረንጓዴው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሰማያዊው እንደ መብረቅ ጠላት ላይ ይጣበቃል። ጀማሪ ሁሉ ሰማያዊውን ይወዳል፤ እኔም። አሁን አሁን አረንጓዴውን እየመረጥኩ ነው። ሰማያዊው አንዱ ላይ ተጣብቆ ሳለ ሌላው ከጎን ይመጣባችኋል።

ቦምቡ ደግሞ! ስትጫኑት አንድ ግዙፍ የራስ ቅል ስክሪኑን ይሞላዋል። ወዲያው ነው፣ ቆይታ የለውም። መጀመሪያ ሳየው ከወንበሬ ተነሳሁ።

ታዲያ ከምዕራፍ ሁለት ማለፍ አቃተኝ። አንድ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ያያል። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ሦስት ጊዜ ስሞት ዝም ብሎ አየኝና፣

«ጋሼ፣ ቦምቡን ለማን ነው የምታስቀምጠው?» አለኝ።

ደብተሬን ገልብጬ ሞቶቼን መመዝገብ ጀመርኩ። አርባ ሞት መዘገብኩ። በሃያ ሰባቱ ቦምብ እጄ ላይ እያለ ነው የሞትኩት። «ለቦሱ (ምዕራፉ መጨረሻ ላይ ለሚጠብቀው ትልቁ ጠላት) ይሆነኛል» እያልኩ ስቆጥብ ቦሱ ጋ ሳልደርስ እቀራለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። ሦስት ጊዜ የሞትኩበት ቦታ ላይ ስደርስ፣ አደጋ ታየም አልታየም ቦምብ እጫናለሁ። በአሥር ቀን ውስጥ ምዕራፍ ሦስትን አለፍኩ።

ይህን ሳስብ የዚያን ጊዜ የጃፓን ጌም ቤቶች አሠራር የበለጠ ገባኝ። አንድ ጨዋታ መቶ የን ነበር። የጌም ቤቱ ባለቤት ጌሙ ያለበትን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ በውድ ገዝቶታል፤ ማሽኑ ፊት አንድ ሰው በአንድ ሳንቲም ሰዓት ሙሉ ቢቀመጥበት ይከስራል። ስለዚህ ጌሙ ቶሎ መግደል አለበት። ተጫዋቹ ግን «ተበደልኩ» ብሎ ከሄደም አይመለስም። እንደ እኔ ግምት ቦምቡ ይህን ቋጠሮ ነው የፈታው። ቦምብ ይዛችሁ ስትሞቱ በጌሙ አትናደዱም። «ነበረኝ እኮ!» ነው የምትሉት። ሌላ ሳንቲምም ትከታላችሁ። አዲስ ጌም ከመውጣቱ በፊት አንድ ጌም ቤት ውስጥ አስቀምጦ ሰው እንዴት እንደሚጫወተው፣ ስንት እንደሚያስገባ መሞከርም በጃፓን የተለመደ ነበር።

ስለ ሙዚቃው ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። የትረክስተንን ሙዚቃ የሠራው ዩጌ ነው። ጌሙን ራሱንም ከሠሩት ዋናዎች አንዱ እሱው ነው። ኡኤሙራም እንደዚሁ ፕሮግራምም ይጽፋል፣ ዜማም ይሠራል። ጥይቱ የሚመጣበትን ጊዜ የሚወስነውና ከበሮው የሚመታበትን ጊዜ የሚወስነው አንድ ሰው ሲሆን ልዩነቱ ይሰማል። ድምፁን አጥፍቼ ሞከርኩ፤ እውነቴን ነው የባሰ ተጫወትኩ።

አራተኛውን ወር በፍጥነት ነው ያለፍኩት። ዜሮ ዊንግ (1989) እና አውት ዞን (1990)። አውት ዞን በእግር ነው፣ እየሄዳችሁ ጉልበታችሁ በየሰከንዱ ይቀንሳል፤ ቆሞ ማሰብ የለም። ጥሩ ጌም ነው፤ ግን ልቤ ትረክስተን ጋ ስለነበር አልቆየሁበትም።

ዜሮ ዊንግን ብዙዎቻችሁ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ። «ኦል ዩር ቤዝ አር ቢሎንግ ቱ አስ» የሚለው በ2001 አካባቢ ኢንተርኔቱን ያጥለቀለቀው የተሰባበረ እንግሊዝኛ ከዚህ ጌም የሜጋ ድራይቭ (የሴጋ የቤት ጌም ማሽን) ቅጂ መግቢያ የመጣ ነው። የጃፓንኛው ሐሳብ ቀላል ነበር፦ በፌዴሬሽኑ መንግሥት ጦር ትብብር የጦር ሰፈሮቻችሁን ሁሉ ካትስ (የጌሙ ጠላት) ወስዷቸዋል። ትርጉሙን የሠራው ባለሙያ ተርጓሚ አልነበረም፤ እዚያው ድርጅቱ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ዜሮ ዊንግ ራሱ ሲጀመር አዲስ ሠራተኞችን ማሠልጠኛ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ያ አረፍተ ነገር አላሳቀኝም። ጥቂት ሰዎች ሁሉን ነገር በራሳቸው እጅ ሲሠሩ ነው የታየኝ።

ደግሞ ቦምቡን ተመልከቱት። እዚህ ላይ ቦምቡ አንሥታችሁ የጠፈር መርከቧ አፍንጫ ላይ የምትለጥፉት ነገር ነው። ጥይት ሲነካው ይፈነዳል። ታይገር ሄሊ ተመልሳ መጣች! ደብተሬን ወደ መጀመሪያው ገጽ ገልብጬ «ቦምብ = ጋሻ» የሚለውን ሁለቴ አሰመርኩበት።

አምስተኛው ወር፣ ባትሱገን። 1993። ይህ ጌም ከበፊቶቹ ጋር አንድ ቤት የተሠራ አይመስልም። በፊት ጥይቱ ጥቂት ነበር፤ ፈጣንና ወደ እናንተ የታለመ። እዚህ ስክሪኑ በጥይት ይሸፈናል። ጥይቱ ግን ቅርጽ አለው፣ እንደ ጥልፍ። መርከባችሁ ላይ ሲመታ የሚገድለው ቦታም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በመሃሉ መሹለክ ይቻላል። ጠላት በገደላችሁ ቁጥር ልምድ ታጠራቅማላችሁ፣ መሣሪያችሁም ያድጋል። ዛሬ የጥይት መዓት የሚባለው የጌም ዘር ሁሉ ሲቆጠር አያቱ ባትሱገን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ተጫውቼው አምኛቸዋለሁ። ሥዕሎቹን ከሣሉት አንዱ ጁንያ ኢኖዌ ነው።

ግን ዘግይቶ ነበር። በ1991 ስትሪት ፋይተር ሁለት ከወጣ በኋላ ጌም ቤቶች የሚፈልጉት የድብድብ ጌም ሆነ። ቶአፕላን በመጋቢት 1994 ከሰረ። አዲሱን መንገድ በከፈተ በማግሥቱ ማለት ይቻላል። ይህን ገጽ ስጽፍ እውነት አዘንኩ። ጌም የሠራው አሥር ዓመት ብቻ ነው።

ሰዎቹ ግን ተበተኑ እንጂ አልጠፉም። ኬቭ፣ ጋዜል፣ ታኩሚ የሚባሉ ስቱዲዮዎች ከዚያ ወጡ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የገባው ወጣት ፕሮግራመር ትሱኔኪ ኢኬዳ ኬቭ ውስጥ ዋና ሰው ሆነ። የኬቭ ዶንፓቺ በ1995፣ ዶዶንፓቺ በ1997 ወጡ። ዩጌ ደግሞ በ2017 ታትሱጂን የሚባል ድርጅት አቋቁሞ የቶአፕላንን ጌሞች መብት ያዘ። ከ1988ቱ ጌም ነው ስሙን የወሰደው። በ2022 ድርጅቱን ኤምብሬሰር የሚባል የስዊድን ጌም ኩባንያ ገዝቶታል። ትረክስተን፣ ትዊን ኮብራ፣ ዜሮ ዊንግና አውት ዞን በ2023 ለኮምፒውተር በይፋ ስለተለቀቁ ማንም ሊሞክራቸው ይችላል።

መሞከር ለምትፈልጉ፣ እኔን የጠቀመኝን ልንገራችሁ። ስትጫወቱ ስክሪኑን በስልካችሁ ቅረጹት። ሲሞቱ ያላዩትን ጥይት ቪዲዮው ላይ ያዩታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ የሚመጣ ነው። ለቁጥጥሩ ርካሽ ጆይስቲክ ይበቃል፤ ኪቦርድ ግን ጣት ይጎዳል። ታይገር ሄሊን አትዝለሉት። አሰልቺ ቢመስልም የቀሩት ሁሉ የሚገቡት በእሱ ነው።

አሁን ያለሁበት፦ ትረክስተን በአንድ ክሬዲት (በአንድ ሳንቲም ብቻ) ምዕራፍ አራት መሃል። ትናንት ማታ የደረስኩበት ነው። ስሞት እጄ ላይ የቀረ ቦምብ አልነበረም፤ ደብተሬ ላይ ቀኑን ጽፌ ከበብኩት። በሚቀጥለው ወር ዶንፓቺን እጀምራለሁ። እዚያ ላይ ሌዘር እየተኮሳችሁ ቦምብ ብትጫኑ ቦምቡ ራሱ ወደ ሌዘር ይለወጣል አሉ። ከእናንተ መካከል የተጫወተው ካለ የትኛውን መርከብ ልምረጥ? የእህቴ ልጅ ቀዩን እያለ ነው።