የቮልሴ የኋላ እግር

መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። መኪናዬ የ1966 ሞዴል ቮልስ ናት፣ 1300 ሲሲ። ዓመቱ በፈረንጅ ነው፤ ከዚህ በታች የምጠራቸውም እንደዚያው።

ሰው ስለ ቮልስ ሲያወራ ወሬው ሞተር ላይ ነው የሚያልቀው። ከኋላ መሆኑ፣ ውሃ አለመጠጣቱ፣ በአንድ ከሰዓት ወርዶ መልሶ መግባቱ። ሞተሩን የሚያውቅ ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል። እኔ ዛሬ ከሞተሩ እስከ ጎማው ስላለው ነው የማወራው። ካምቢዮ (የማርሹ ሳጥን)፣ አክስል (ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ)፣ ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት)፣ ታምቡር (ጎማው የሚታሰርበት የፍሬን ከበሮ)። ብር የሚበላው እሱ ነው። ሰው ዕቃ ሲገዛ የሚሸወደውም እዚያ ላይ ነው።

ቮልስ እንደ ብዙዎቹ የዘመኗ ሽማግሌ መኪኖች ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋ ሻፍት የላትም። ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ (ዙሩን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። ከዚያ ግራና ቀኝ አንዳንድ አክስል ይወጣና ጎማ ላይ ያርፋል። የኔ ዓይነቷ ላይ አክስሉ የሚታጠፈው በውስጥ ጫፉ ብቻ ነው። ጎማው ሲነሳና ሲወርድ አክስሉ ከነቱቦው አብሮ ይወዛወዛል። በክሪክ ስትነሳ የኋላ ጎማዎቿ ወደ ውስጥ የሚሰበሰቡት ለዚህ ነው። አሜሪካ የተሸጡት ከ1969 ሞዴል ጀምሮ፣ እንዲሁም 1302 እና 1303 የሚባሉት፣ አክስላቸው ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ አራት ሲቪ ጆይንት (የሚታጠፍ መገጣጠሚያ) አላቸው። ተራዋ ቮልስ ግን እስከ መጨረሻው በድሮው አክስል ነው የሄደችው። የመጨረሻዋ በ2003 ሜክሲኮ፣ ፑዌብላ ላይ ከፋብሪካ ስትወጣ በጠቅላላው ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተው ነበር። ዕቃዋ እስከ ዛሬ የሚገኘው ያለ ምክንያት አይደለም።

መገኘቱ ሳይሆን የሚገጥመውን መለየቱ ነው ሥራው። ሶማሌ ተራ ገብታችሁ የቮልስ ዕቃ ስትጠይቁ የመጀመሪያው ነገር «እህቴ፣ የስንት ዓመት ናት?» ነው። ጥያቄው ልክ ይመስላል። ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ላይ የኖረች መኪና የሊብሬዋን ዓመት ታምና አትኖርም። ሞተሯ ከአንዷ፣ ካምቢዮዋ ከሌላዋ፣ አክስሏ ከሦስተኛዋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዓመት አልናገርም። የወለቀውን ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልዬ ይዤ እሄዳለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ካሊፐር (ሚሊ ሜትር መለኪያ) አለ። መጀመሪያ ላይ ሳቁብኝ። አሁን እነሱም ይዋሱኛል።

የፍሪሲዮን ዲስክ ልስጣችሁ ለምሳሌ፤ ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ነው። 180 ሚሊ ሜትር አለ፣ 200 አለ። 200 የመጣው ከ1500ው ሞተር ጋር ነው። በዓይን ተቀራራቢ ናቸው፤ 180ው ቮላኖ (ዲስኩ የሚያርፍበት የሞተሩ ከባድ ክብ ብረት) ላይ ግን 200ው አይቀመጥም። የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታም ሁለት ዓይነት ነው። የድሮው የሚገፋው ፕሬሸር ፕሌቱ (ዲስኩን የሚጫነው ክዳን) መሃል ላይ ያለችውን ቀለበት ነው። ከ1971 ወዲህ ያለው ቀለበት የለውም፤ ኩሽኔታው ከካምቢዮው በወጣ ቱቦ ላይ ይንሸራተታል። ከሁለቱ አንድ አንድ ቀላቅሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ይኖራል፤ ፈገግታውም አይጓደልም።

ካምቢዮ ስትገዙ ደግሞ ኮሮናና ፒኞኑን (ዲፈረንሻሉ ላይ የሚናከሱትን ትልቁንና ትንሹን ማርሽ) ጠይቁ። የኔ ዓይነቷ 8 ለ 35 ናት፤ ፒኞኑ 8 ጥርስ፣ ኮሮናው 35። ኋላ የመጡት 1600ዎቹ ላይ 8 ለ 31 አለ። ለሜዳ መንገድ ሸጋ ነው፤ ሞተሩ ሳይጮህ ትበራላችሁ። እኔ ግን የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን አየር ይቀማዋል። 40 የፈረስ ጉልበት የነበረው 30 ቀረው ማለት ነው። በዚያ ላይ ረጅም ማርሽ ጨምራችሁ የእንጦጦን ዳገት ስትጀምሩ ሦስተኛ አይዝም፣ ሁለተኛ ይጮሃል። አንዱ ጎረቤቴ «አዲስ ካምቢዮ አስገባሁ» ብሎ ደስ ካለው በኋላ ሰፈሩ ለመድረስ የሚያየውን አበሳ እኔ አውቃለሁ።

የኮምቢን፣ የቮልስዋገኗን ሚኒባስ፣ ነገርማ ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። እስከ 1967 የነበረችው ኮምቢ ጎማዋ ጋ ተጨማሪ የማርሽ ሳጥን ነበራት። እሱ የዙሩን አቅጣጫ ስለሚገለብጥ ካምቢዮዋ ውስጥ ኮሮናው የተቀመጠው በተቃራኒው ጎን ነው። ያንን ካምቢዮ ኮሮናውን ሳያዞሩ ትንሿ ቮልስ ላይ ቢያስሩት፣ ወደ ኋላ የምትሄድበት አራት ማርሽ፣ ወደ ፊት የምትሄድበት አንድ ማርሽ ያላት መኪና ታገኛላችሁ። ተረት አይደለም። ኮምቢና ቮልስ ባለበት አገር ሁሉ የደረሰበት ሰው አይጠፋም።

ብር የሚያተርፈው ኩሽኔታው ነው። የኋላ ጎማ ኩሽኔታ «የቮልስ» ተብሎ ሲሸጥ ዋጋው ሌላ ነው። የወለቀውን በቤንዚን አጥባችሁ ጠርዙን በብርሃን ብታዩት ግን ቁጥር ተመትቶበታል፤ 6306። ይህ የቮልስ ቁጥር አይደለም፣ የዓለም ቁጥር ነው። ውስጡ 30፣ ውጪው 72፣ ውፍረቱ 19 ሚሊ ሜትር። የውሃ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ሞተር ኩሽኔታ የሚሸጥ ሱቅ ግቡና ቁጥሩን ብቻ ንገሩ። ቮልስ የሚለውን ቃል አታንሱ። በጎኑ ላስቲክ የታሸገውን ሳይሆን ክፍቱን ውሰዱ፤ ቅባቱን የሚያገኘው በአክስሉ ቱቦ ከሚመጣው የካምቢዮ ዘይት ነውና።

ያው ዘይት ነው ችግሩንም የሚያመጣው። ከኩሽኔታው ውጪ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዝ ቀለበት) አለ፣ ሁለት ክብ ላስቲኮች አሉ፣ ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መሃል የሚገባ ስስ ማሸጊያ) አለ። ከነዚህ አንዱ ሲደክም ዘይቱ ታምቡሩ ውስጥ ገብቶ የፍሬን ሸራውን ያርሰዋል። ፍሬን ስትይዙ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ትጎትታለች። ብዙ ሰው የሚያስለውጠው ሲሉን ብቻ ነው። ሁለቱን ላስቲኮች ግን ይተዋቸዋል፤ በተለይ ትንሿን፣ ከአክስሉ ጋ የምትቀመጠውን። ከዚያ «ሲሉ ፌክ ነው» ይባላል። አንዳንዴ ነውም። ሽፋኑ ላይ ዘይት ወደ ውጪ የሚጥል ቀዳዳ መኖሩንም እዩ፤ በጭቃ ከተደፈነ ዘይቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ሸራው ይዞራል።

ላስቲክ ላይ የሙያዬ ነገር ሆኖ ድርቅ እላለሁ። መደርደሪያ ላይ ዓመታት የተኛ ላስቲክ ጊዜው እንዳለፈበት ሽሮፕ ነው፤ ካርቶኑ አዲስ ቢሆንም ለኔ አሮጌ ነው። ሻጩ ፊት አጥፌ አየዋለሁ። እጥፉ ላይ እንደ ደረቅ ወንዝ ከተሰነጠቀ አመሰግናለሁ ብዬ እሄዳለሁ። በተለይ አክስሉና ካምቢዮው የሚገናኙበትን የሚሸፍነው ላስቲክ። እሱ ሲቀደድ ዘይት ይወጣል፣ አቧራ ይገባል። አክስሉ ሳይወርድ የሚገባ፣ መሃሉ የተከፈለና በትንንሽ ብሎን የሚገጣጠም አለ፤ ጥሩ ዕቃ ነው። ላስቲኩን የሚያስረው ክላምፕ የሚጠብቀው ግን መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በአራት እግሯ ስትቆም ነው። ተንጠልጥላ እያለች ከተጠበቀ፣ ስትወርድ ላስቲኩ ይጠመዘዝና ባዲስነቱ ይቀደዳል።

ብረት ላይ ደግሞ ተቃራኒ ነኝ። ማርሽ፣ አክስል፣ ኮሮና ከሆነ፣ ሳጥኑ የሚያብለጨልጭ ስም የለሽ አዲስ ዕቃ ከምገዛ ከታረደች ቮልስ የወጣ ኦርጅናሉን እወስዳለሁ። የአክስሉ የውስጥ ጫፍ ጠፍጣፋ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ካለው ማርሽ ጋር በቀለም ምልክት እየተመደበ ነው ከፋብሪካ የወጣው። ስለዚህ አክስል ከተገኘ ከነማርሹ እገዛለሁ። ለብቻው «ይገጥማል» የሚለኝን አልሰማም። መግጠሙማ ይገጥማል፤ ከዚያ እያንዳንዱ ማርሽ ሲለወጥ ከኋላ ቋ ይላል።

ካምቢዮ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር እባካችሁ። ማርሹ እምቢ ካለ፣ ሁለተኛ ፍለጋ እጃችሁ ከተንከራተተ፣ «ካምቢዮው ይውረድ» የሚላችሁን መካኒክ ትንሽ ጠብቅ በሉት። የኋላ ወንበሩን አንሱ። ከሥሩ፣ መሃል ላይ፣ በአንድ ብሎን የታሰረች ትንሽ ክዳን አለች። ስትከፈት የማርሹ ዘንግ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዝባት መገጣጠሚያ ትታያለች። ውስጧ ያሉት ላስቲኮች ተፈርፍረው አልቀው ሊሆን ይችላል። ዋጋዋ ከካምቢዮ ጋር አይነጻጸርም። አንድ ጋራዥ ለኔ ሙሉ ካምቢዮ ዋጋ ቆርጦልኝ ነበር። የኔው መካኒክ ክዳኗን ከፍቶ ፍርፋሪውን መዳፌ ላይ አደረገልኝና «ልጄ፣ ይኸውልሽ ካምቢዮሽ» አለኝ።

ፍሪሲዮን ሲለቀቅ መኪናዋ የምትንቀጠቀጥም ከሆነ ዲስክ አትግዙ፤ ከሥሯ ግቡ። የፍሪሲዮኑ ገመድ ከመሃል ወጥቶ ወደ ካምቢዮው የሚሄድበት ቱቦ ቀጥ ብሎ መወጠር የለበትም። ትንሽ መርገብ አለበት፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር። ቀጥ ካለ ጫፉ ላይ ሮንዴላ (ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) ይጨመራል። የካምቢዮው መቀመጫ ላስቲኮችም ተቀደው እንደሆን በዚያው አጋጣሚ ታያላችሁ። መካኒኬን «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ በሮንዴላ?» ብዬው አውቃለሁ። መልስ አልሰጠኝም፤ ሮንዴላ አቀብዪኝ ነው ያለኝ።

የካምቢዮውን ዘይት በአጭሩ ልለፈው። 90 ዘይት፣ ሁለት ሊትር ተኩል፣ መክፈቻው የ17 አለን ቁልፍ። ቀስ ብላችሁ ቅዱ፤ በጥድፊያ ከቀዳችሁ ሳይሞላ ይፈስና የሞላ ይመስላል። እግረ መንገዴን፣ ሐረር ላይ ፔጆ 404 የምትነዱ ወገኖች ይህን ዘይት ምክር ከኔ አትውሰዱ። የናንተ የኋላ አክስል ውስጥ በትል ማርሽ የሚዞር የነሐስ ጥርስ አለ፤ ነሐስ ደግሞ በአንዳንድ የማርሽ ዘይት ኬሚካል ይበላል። የራሱን ዘይት ፈልጉለት።

አሁን የቸገረኝ የግራ ታምቡር ነው። መሃሉ ላይ ያሉት ጥርሶች ተበልተዋል። የአክስሉ ዳዶ ላልቶ ሲነዳ ነው እንዲህ የሚሆነው። የ36 ቁልፍ ይፈልጋል፤ መጥበቅ ያለበትም በ30 ኪሎ ግራም ሜትር ነው። አንድ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ ማንጠልጠል ማለት ነው። የኮተር ፒኑ ቀዳዳ ካልተገናኘ ወደፊት ይጠበቃል እንጂ ወደኋላ አይላላም። ከኔ በፊት የነዳት ሰው ይህን የሰማ አይመስለኝም።

ሶማሌ ተራ የሚገኘው ባለ አራት ብሎን ታምቡር ነው፤ የኔ ባለ አምስት ናት። «ሁለቱንም የኋላ ቀይሪና ተገላገይ» ይሉኛል። ከዚያ ከፊት አምስት፣ ከኋላ አራት፤ እስኮርታ ጎማ ሁለት ልሸከም ነው? አልፈልግም። ፍራንክፈርት ያለችው የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ትመጣለች። ባለ አምስት ብሎን መሆኑን በፎቶ አስረግጬ ልኬላታለሁ። «ይሄን የሚያህል ብረት በሻንጣ?» ብላ ተቆጣች። ስትመለስ ያን ኪሎ በበርበሬና በሽሮ እንደምሞላላት ቃል ገብቼ ተስማምታለች።