ሪቨሩ ላይ ሦስተኛው ሃርት ሲመጣ፦ የአምስተኛ ወር ማስታወሻዬ

ባለፈው ቅዳሜ ፖከር ስንጫወት ሪቨሩ ላይ፣ ማለትም የመጨረሻው የጋራ ካርታ ሲከፈት፣ 35 ዶላር አስያዝኩ። ሰውየው ካርታውን ሁለት ጊዜ አየ፣ አሰበ፣ ከዚያ ከፈለኝ። እሱ ኪንግና ኩዊን፣ እኔ ሦስት 6። ብሩ ትንሽ ነው። እኔ ግን ቤቴ ገብቼም ደስታዬ አልበረደም። ማርች ላይ በዚሁ ዓይነት ካርታ ያለኝን ሁሉ አስረክቤ ነበር።

ለአዲሶቻችሁ፦ ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጓደኛችን ቤት እንጫወታለን። ኖ ሊሚት ሆልደም ነው፦ ለእያንዳንዱ ሁለት የግል ካርታ ይሰጠዋል፣ ቦርዱ ላይ ደግሞ አምስት የጋራ ካርታ ይከፈታል፤ መጀመሪያ ሦስት (ፍሎፕ)፣ ከዚያ አንድ (ተርን)፣ መጨረሻ አንድ (ሪቨር)። ብላይንዱ (ሁለት ሰዎች ካርታ ሳያዩ በግድ የሚያስይዙት፤ ትልቁ ቢግ ብላይንድ ይባላል) 1 እና 2 ዶላር፣ ሁሉም 200 ይዞ ይቀመጣል። እኔ ካርታ ሲባል የማውቀው ኮንከር ብቻ ነበር። ፖከር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ፤ የከበዱኝን ጨዋታዎች ሁሉ ደብተር ላይ እጽፋለሁ።

የማርቹን ጨዋታ እንዳለ ላስቀምጠው። 9 ስፔድና 9 ዳይመንድ ይዤ መጨረሻ ተናጋሪ ነበርኩ። 8 ዶላር አልኩ። ቢግ ብላይንድ ላይ ያለው ብቻ ተከተለኝ፤ ከ1 ዶላሩ ብላይንድ ጋር ፖቱ (መሃል የተሰበሰበው ብር) 17 ሆነ። ፍሎፑ ኪንግ ሃርት፣ 9 ሃርት፣ 4 ፍላወር። ሦስት 9 ሆነልኝ! ጥንድ ይዞ ፍሎፕ ላይ ይህን ማግኘት ከ8 ወይም ከ9 ጊዜ አንዴ ነው። እሱ ቼክ አለ (ሳያስይዝ አለፈ)፣ እኔ 10፣ ተከተለ። ተርኑ 2 ስፔድ። ቼክ፣ 25፣ ተከተለ። ፖቱ 87 ደረሰ። ለእያንዳንዳችን 157 ቀርቶናል።

ሪቨሩ 7 ሃርት።

ባር ባር አለኝ። ቦርዱ ላይ ሦስት ሃርት አለ። እሱ ቼክ አለ። እኔ ደግሞ "እንዲህ ያለ ካርታ ይዤ እንዴት ዝም እላለሁ" ብዬ 157ቱን ገፋሁት። ሳይውል ሳያድር ከፈለኝ። ኤስ ሃርትና 6 ሃርት። ፍላሽ፦ አምስት ሃርት፣ ከሦስት 9 ይበልጣል።

ያን ማታ ዕድሌን ስረግም አደርኩ። በማግስቱ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ተርኑ ላይ የሁለታችንንም ካርታ ለሚያውቅ ሰው ያልታዩት ካርታዎች 44 ናቸው። ለእሱ 9 ሃርት ቀርተውታል። ከእነሱ ውስጥ 4 ሃርትና 2 ሃርት ቢመጡ ቦርዱ ጥንድ ይሆንና እኔ ፉል ሃውስ (ሦስት ተመሳሳይና ጥንድ፣ ፍላሽን የሚበልጥ) እሠራለሁ። የሚጎዱኝ 7 ብቻ ናቸው። 7 ከ44 ወደ 16 በመቶ ነው። እስከዚያ ድረስ ብሬን ያስገባሁት በትክክል ነበር። 7 ሃርት መምጣቱ የእኔ ጥፋት አይደለም። ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ያለው 157 ዶላር ነው።

እስኪ አብረን እንቁጠር። በዚህ ቦርድ ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) የሚባል ነገር አይሠራም። የሚበልጠኝ ፍላሽ ብቻ ነው፤ ሦስት ኪንግም አለ፣ ግን ሁለት ኪንግ የያዘ ሰው ገና ከመጀመሪያው ዋጋ ይጨምር ነበር። ይህ ሰው የሚጫወታቸውን ሁለት ሁለት ሃርቶች ስዘረዝር 16 አገኘሁ። ኤስ ሃርት ያለባቸው 9፣ ከዚያ ኩዊን-ጃክ፣ ኩዊን-10፣ ጃክ-10፣ 10-8፣ 8-6፣ 6-5፣ 5-4። በሌላ በኩል የማሸንፋቸው ኪንግ-ኩዊን፣ ኪንግ-ጃክና ኪንግ-10 አሉ። ያልታዩ ኪንጎች 3 ናቸው፣ ከአራት ኩዊን ጋር 12 ይሆናሉ፤ ሦስቱም ተደምረው 36። ስለዚህ ሃርቱ ከመጣ በኋላም ብዙውን ጊዜ የምመራው እኔ ነኝ። ይሄ በጣም አስገረመኝ።

ታዲያ ለምን ተሳሳትኩ? 157 ስገፋ የሚከፍለኝ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። 87 ዶላር ፖት ላይ 157 ሲመጣበት፣ ኪንግ-ጃክ የያዘ ሰው ቦርዱን አይቶ ይጥላል። 16ቱ ግን በደስታ ይከፍላሉ። ያን ያህል ብር ያስያዝኩት ለሚበልጡኝ ሰዎች ብቻ ነበር ማለት ነው። እስከ ተርን ድረስ "ካርታዬ ጠንካራ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ሪቨር ላይ ሌላ ካርታ ስለማይመጣ ጥያቄው ይቀየራል፦ ከእኔ ያነሰ ካርታ ይዞ የሚከፍለኝ ማን ነው፣ እስከ ስንት? ከሚከፍሉኝ ከግማሽ በላይ የማሸንፋቸው ከሆኑ ላስይዝ፤ ካልሆኑ ቼክ።

35 ዶላር የመጣው ከዚህ ነው። 87 ፖት ላይ 35 ሲቀርብለት ተጋጣሚው 35 ከፍሎ 122 ያገኛል። 22 በመቶ ማሸነፍ ይበቃዋል። ኪንግ-ኩዊን ይዞ ለዚህ ዋጋ መጣል ይከብዳል። ቅዳሜ ዕለትም የሆነው ይኸው ነው፤ ካርታው ሌላ፣ ሦስተኛው ስፔድ ሆኖ የመጣ፣ ቅርጹ ግን ያው።

አንድ ሰው "ለምን ቼክ ብለህ በነፃ አታይም?" አለኝ። አፕሪል ላይ እንደዚያ አድርጌ ነበር። ሦስት ጊዜ ፈርቼ ቼክ አልኩ፣ ሦስቱንም አሸነፍኩ፣ ሦስቱም ላይ የሚከፈለኝ ብር ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ፍርሃትም ዋጋ አለው። በ2003 የላስ ቬጋስ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ሳም ፋርሃ ከቦርዱ ጋር ጥንድ 9 ሠርቶ ነበር። ክሪስ መኒሜከር ግን ኪንግ ብቻ ይዞ፣ ምንም ሳይሠራለት፣ ያለውን ሁሉ ገፋ። ቦርዱ ላይ ሦስት ስፔድ ነበር። ፋርሃ ጣለ። ያን ጨዋታ ደጋግሜ አየዋለሁ፤ አስፈሪ ካርታ ለያዘውም ላልያዘውም እኩል መሣሪያ ነው።

ግን ይህ ለእኛ ጠረጴዛ እስከ የት ይሠራል? አንድ ማታ እንደዚሁ 35 አስይዤ ሰውየው 157 አለ። 122 ጨምሬ 279 ለማግኘት ነው። ከ10 ጊዜ 3 ጊዜ ያህል ማሸነፍ አለብኝ። እኛ ጋ ሪቨር ላይ እንዲህ የሚጨምር ሰው በባዶ እጁ አይደለም። በአምስት ወር ውስጥ አንድም አላየሁም። ሦስት ተመሳሳይ ይዤ ጣልኩት። ጣቶቼ ካርታውን መልቀቅ አቅቷቸው ነበር፣ እውነቴን ነው። ምን ይዞ እንደነበር አላሳየኝም።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ሁለት ኤስ ይዤ አንዱ ኤስ ሃርት ከሆነ፣ ከ16ቱ ፍላሾች 9ኙ ይጠፋሉ፤ ኤስ ሃርቱን እኔ ይዣለሁና። ያኔ ትንሽ ደፈር ማለት ይቻላል። ይህን ገና ጠረጴዛ ላይ አልሞከርኩትም።

አሁን የያዘኝ ይሄ ነው። ሃርቱ ሲመጣ እሱ ቼክ ማለቱን ትቶ ራሱ ቀድሞ 60 ቢያስይዝስ? 60 ከፍዬ 147 ላገኝ ነው፣ 29 በመቶ ይበቃኛል። እስከ ዛሬ ደብተሬ ላይ እንዲህ ዓይነት አራት ጨዋታ ብቻ ነው ያለኝ፤ ሁለቴ አሸንፌ ሁለቴ ተሸንፌያለሁ። የገጠማችሁ ካላችሁ ቦርዱንና የብሩን መጠን ጻፉልኝ፣ ከእኔ አራቱ ጋር እደምራቸዋለሁ።