ቀይ ፊደል ይዤ ቲቪ ፍለጋ

የመጽሐፍ አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ «ጨ»ን ከ«ጬ»፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» ስለይ እውላለሁ። ማታ ልጃችን ሲተኛ ደግሞ እኔና ባሌ ፊልም እናያለን። ገርጂ ኮንዶሚኒየም ያለችው ሳሎናችን ሞኒተርም ቲቪም ለየብቻ የምታስቀምጥ አይደለችም። እና አንድ ስክሪን ለሁለቱም ይሁን አልን። ቀላል መስሎን ነበር።

መጀመሪያ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ «እዚህ ርካሽ ነው፣ ሰው ሲመጣ ልላክልሽ» አለችኝ። ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ አልኳት። 110–120 ቮልት ብቻ ይላል። የኛ 220 ነው። በትራንስፎርመር ይሠራል የሚል አማካሪ አልጠፋም። እኔ ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የምሳቀቅለት ሌላ ዕቃ አልፈለግኩም።

ስለዚህ መገናኛ ወረድኩ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ድፍረት ይፈልጋል፤ ብቻ ጠየቅኩ።

«ኤችዲአር አለው?»

«ሁሉም አለው እህቴ፣ ይኸው ተለጥፎበታል።»

ኤችዲአር ማለት ደማቁን ይበልጥ ደማቅ፣ ጨለማውን ይበልጥ ጨለማ አድርጎ የሚያሳይ የምስል ዓይነት ነው። ልጁ አልዋሸም። ግን ያ ተለጣፊ የሚለው ቲቪው የኤችዲአር ሲግናል ሲሰጡት ይቀበላል ነው። ማሳየት ሌላ ጉዳይ ነው። የኤችዲአር ፊልም ሲዘጋጅ ደማቁ ቦታ ብዙ ጊዜ እስከ 1000 ኒት (የድምቀት መለኪያ ነው)፣ አንዳንዴም እስከ 4000 ድረስ እንዲያበራ ታስቦ ነው። ርካሽ ቲቪ 300 ኒት አካባቢ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል። በዚያ ላይ ከኋላው ያለው መብራት በየቦታው ለብቻው የማይጠፋና የማይበራ ከሆነ፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ አንዲት ሻማ ስትበራ ጨለማውም አብሮ ግራጫ ይሆናል።

ታዲያ ኦሌድ የሚባለውን የቲቪ ዓይነት አትገዢም? አዎ፣ ለፊልም እሱን የሚያህል የለም። እያንዳንዷ ነጥብ ራሷ ትበራለች፣ ራሷ ትጠፋለች። ኤልጂ በ2022 እ.ኤ.አ. ሲ2 የተባለውን ኦሌድ ቲቪ በ42 ኢንች ካወጣ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥም ተገኝቷል። ግን የኔን ቀን አስቡት። ስምንት ሰዓት ሙሉ ነጭ የወርድ ገጽ፣ ከታች ንቅንቅ የማይል የዊንዶውስ መስመር። ኦሌድ ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሲሆንበት ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል። የማይንቀሳቀሰው መስመር ደግሞ በዓመታት ውስጥ ጥላው ሊቀር ይችላል። ዋጋውን አልነግራችሁም፤ ባሌ ይህን ሊያነብ ይችላል።

እንጀራዬ ጽሑፍ ነውና ጽሑፍ ይቅደም አልኩ። ላፕቶፔን ተሸክሜ ተመለስኩ። በሰማያዊ ጀርባ ላይ በቀይ የተጻፈ አንድ ገጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ ፊደሉ ኢብሪማ፣ መጠኑ 10። የሱቁ ልጆች «እህታችን ፈተና ልታስፈትነን ነው» ብለው ሳቁብኝ። የመጀመሪያው ቲቪ ላይ ቀዩ እንደ ረጠበ ቀለም ተለቀለቀ። «ጸ»ም «ጿ»ም አንድ ሆኑ። ብዙ ቲቪ ብርሃኑን ነጥብ በነጥብ ሲያሳይ ቀለሙን ግን ለሁለት ወይም ለአራት ነጥብ አንዴ ብቻ ነው የሚይዘው። ፊልም ላይ ማንም አያስተውለውም፤ ባለቀለም ትንሽ ፊደል ላይ ግን ጉድ ያፈላል። ሁለተኛው ቲቪ ላይም እንደዚያው። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የኤችዲኤምአዩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ኬብል የሚሰካበትን በር፣ ስም «ፒሲ» ብዬ ስቀይረው ጥርት! መሳቁ ቆመ። አንደኛው ልጅ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው።

ከ43 ኢንቹ ይልቅ 55 ኢንቹ ዓይኔን ስቦት ነበር፤ ሁለቱም ፎርኬ ናቸው፣ የነጥባቸው ብዛት እኩል ነው፣ የዋጋ ልዩነታቸውም ያን ያህል አይደለም። ግን ጠረጴዛዬ 60 ሴንቲሜትር ነው ጥልቀቱ። 55ቱ ከአፍንጫዬ ፊት ከ120 ሴንቲ በላይ ይንጣለላል፣ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚይዘውም 80 ነጥብ ያህል ብቻ ነው። 43ቱ 95 ሴንቲ ሆኖ 102 ያህል ይይዛል። ፊደል በቅርብ ሲታይ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። 43ቱን ወሰድኩ፣ ቪኤ የሚባል ፓነል ያለውን። ጥቁሩ አይፒኤስ ከሚባለው ሌላው የፓነል ዓይነት ይሻላል፤ ከጎን ሲያዩት ይገረጣል እንጂ።

ቤት ስሰካው የማውሷ ቀስት እንደ ሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች። ቲቪው ምንም አልሆነም። የአሮጌው ላፕቶፔ ኤችዲኤምአይ 1.4 ነው፤ ለፎርኬ በሰከንድ ከ30 ምስል በላይ አይልክም። ሱቁ ውስጥ ፊደሉን ብቻ ሳፈጥበት ማውሷን ማን አያት! በሰከንድ 60 ምስል የሚልክ የዩኤስቢ ሲ አስማሚ ገዝቼ ተገላገልኩ። የዊንዶውሱን ኤችዲአር ደግሞ ጭራሽ አልነካውም። በኤችዲኤምአይ 2.0 ኬብል ፎርኬ ላይ ሙሉ ቀለምም፣ በሰከንድ 60 ምስልም፣ ባለ10 ቢት ኤችዲአርም ባንድ ላይ አይበቁም፤ አንዱ ይጎድላል፣ እኔ ጋ ደግሞ የሚጎድለው የፊደሌ ቀለም ነው። ፊልሙን በፍላሽ ወይም ከቲቪው በራሱ ኔትፍሊክስ እናያለን። ፍላሹን ፎርማት ስታደርጉ ኤክስፋት የሚለውን ምረጡ፤ ፋት32 ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም።

ሻማዋስ? ግራጫ ናት። ባሌ አንድ ሁለቴ ተነጫነጨ፣ አሁን መብራት አብርተን ስለምናይ ትቶታል።

እኔን የቸገረኝ ሌላ ነው። ሞኒተር ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ይሄ ግን ጠዋት ጠዋት ሪሞት ይፈልጋል። ሪሞቱን ደግሞ የሦስት ዓመቱ ልጄ የት እንደሚደብቀው እሱና ፈጣሪው ብቻ ናቸው የሚያውቁት። ትናንት ሽሮ ዕቃው ውስጥ አገኘሁት።